ያልተሰበሰቡት ዘጠኝ ቅጂዎች



ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ስለ ኳስ ይመስላል፤ ግን ስለ ኳስ ብቻ አይደለም። በእጅ ስለተጻፈች፣ በፎቶ ኮፒ ስለተባዛችና በ1 ብር ከ50 ስለተሸጠች አንዲት ትንሽ መጽሔት ነው። አዘጋጇ እኔ ነበርኩ። ያኔ 16 ዓመቴ ነው። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ደሴ ነው ያደግኩት። በ1996 ዓ.ም የከተማችን ወጣት ሁለት ነበር፤ አርሰናልና ማንቸስተር። ከሁለቱ ውጪ የሆነ ልጅ ቢኖርም ድምፁ አይሰማም። እኔና የልብ ጓደኛዬ አርሰናል ነን። ያ ዓመት ደግሞ የኛ ዓመት ነው። አርሰናል 38 የሊግ ጨዋታ ተጫውቶ 26 አሸነፈ፣ 12 አቻ ወጣ፣ አንድም አልተሸነፈም። ሰፈር ውስጥ ደረታችንን ነፍተን የምንሄድበት ጊዜ ነበር።

ችግሩ ወሬ የምናገኝበት መንገድ ነው። የአዲስ አበባ የስፖርት ጋዜጦች በአውቶቡስ እስኪደርሱ ቀናት ያልፋሉ፤ ከደረሱም በኋላ አንዱን ጋዜጣ ሃያ ሰው ነው የሚያነበው። ኢንተርኔት የሚባለውን በስም እንጂ በእጅ አናውቀውም። ስለዚህ ሬዲዮ እየሰማን፣ ዲሽ ቤት ያየነውን እያስታወስን፣ ከድሮ ጋዜጣ እየቀዳን የራሳችንን መጽሔት ለማውጣት ወሰንን። ስሟን «መድፈኛው» አልናት።

አሠራሯን ልንገራችሁ፤ ምናልባት አንዳችሁ ነገ ትሞክሩት ይሆናል። ሁለት ነጭ ወረቀት ትወስዳላችሁ። እያንዳንዱን መሐል ለመሐል ስታጥፉት አራት ገጽ ይወጣዋል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ 8 ገጽ መጽሔት ይሆናሉ። ጣጣው ገጾቹ በተራ አለመቀመጣቸው ላይ ነው። በውጭኛው ወረቀት ፊት 8ኛው ገጽ በግራ፣ 1ኛው በቀኝ ይጻፋል፤ ጀርባው ላይ 2ኛውና 7ኛው። በውስጠኛው ወረቀት ደግሞ 6ኛው ከ3ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው ጋር ይጎራበታሉ። ይህን ለመረዳት ከሒሳብ ደብተሬ ስንት ቅጠል እንደገነጠልኩ አላህ ያውቃል። እኔ በጥቁር ቢክ እጽፋለሁ፤ ጓደኛዬ ይስላል። የሱ ሥዕል ነው እንጂ የኔ ጽሑፍ ሰው አይስብም ነበር። ቲዬሪ ሄንሪን ሲስለው ገና ሳይጨርስ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ኮፒ ቤቱ በገጽ 25 ሳንቲም ያስከፍለን ነበር። ሁለት ወረቀት በፊትና በጀርባ አራት ኮፒ ነው፤ አንዱ መጽሔት 1 ብር ፈጀ ማለት ነው። 40 ቅጂ አባዝተን በ1 ብር ከ50 ስንሸጠው 20 ብር ይተርፈናል። ስቴፕለር የባለ ኮፒ ቤቱ ነው፤ ሽቦውን ግን በራሳችን ነበር የምንገዛው። የመጀመሪያው እትም ላይ የውስጠኛውን ወረቀት ገልብጠን አስገብተነው በርግካምፕ በጭንቅላቱ ቆሞ ወጣ። አውሮፕላን ፈርቶ አልሳፈርም ያለ ሰው እኛ ዘንድ ተዘቅዝቆ በረረ እያሉ የማንቸስተር ልጆች ለአንድ ወር ሳቁብን። ይሁን እንጂ 40ውም አለቀ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አለቀ።

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ እናንተ የጻፋችሁትን ሲገዛ የሚሰማ ስሜት አለ። ዲሽ ቤት በር ላይ ቆሜ አንድ ጎልማሳ የኔን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ፈገግ ሲል፣ ለጎረቤቱ ሲያሳይ አየሁት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በቤታችን አምስት ልጆች ነን፤ እኔ መሐል ላይ ነኝ፤ ማንም የሚሰማኝ አልነበረም። ድንገት 40 ሰው ሰማኝ።

ስሜቱ ግን ሌላም ነገር ያመጣል። ሰው ምኑን ወዶ እንደሳቀ ታያላችሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ጨመር አድርጋችሁ ትሰጡታላችሁ። እኛ ዘንድ ሰው የወደደው የመጨረሻዋን ገጽ ነበር። በመጨረሻው ገጽ የሰፈር ወሬ እንጽፋለን፤ ማን በማን ላይ ተወራረደ፣ ማን ተሸንፎ አለቀሰ፣ ማን የአባቱን ጋቢ ለብሶ ሜዳ ገባ። ስም አንጠቅስም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የራሳችንንም ስም አንጽፍም ነበር። በብዕር ስም ነው የምንወጣው። ብልሃት መስሎን ነበር፤ ኋላ ሳስበው መደበቂያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

በ1997 መስከረም የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። የኛ ሰፈር 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጎሉ ደግሞ የሚያናድድ ነው። ሕፃን ልጅ የሚይዘው ኳስ በበረኛችን እጅ ሾልኮ ገባ። በረኛው ከኛ በአራት ዓመት የሚበልጥ፣ ጋራዥ የሚሠራ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፈው ሳይገባችሁ አይቀርም። ሽንፈቱ በተከተሉት ቀናት አንድ ወሬ ተነሳ፤ በረኛው ከተጋጣሚው ሰፈር ሰው 200 ብር ተቀብሎ ነው የሚል። ብሩ ሲሰጠው ያየ አለ ተባለ።

ያን ወሬ የሰማሁት ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ቤት ስገባ ተጽፎ ያለቀ ያህል ነበር። በሰባተኛው እትም የመጨረሻ ገጽ ላይ «ሰዎች እንደሚሉት» ብዬ ጀምሬ ጻፍኩት። ጓደኛዬ ኪስ ያለው የበረኛ ጓንት ሳለበት፤ ከኪሱ ብር ይታያል። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ወላሂ፣ ከሁለታችን አንዳችንም «ልጁን እንጠይቀው እንዴ?» አላልንም። ቤቱ ከቤታችን በአምስት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው።

መጽሔቷን ለየት ላለ ቀን አደረስናት። ጥቅምት 14፣ እሁድ። አርሰናል ኦልድትራፎርድ ላይ ከማንቸስተር ይጫወታል። 49 ጨዋታ ሳይሸነፍ መጥቷል፤ 50ኛው ይህ ነው። ረመዷን ከገባ 10 ቀን ገደማ ሆኖታል። ጨዋታው በኛ ሰዓት የሚጀምረው መግሪብ አካባቢ ስለነበር ከዐስር ሶላት ጀምረን ዲሽ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሸጥን። ልብ በሉ፤ ጾመኛ ነን። ሆዳችን ከምግብ ተከልክሏል፤ እጃችን ግን የሰው ሥጋ እየሸጠ ነው። ያኔ እንዲህ አልታየኝም። 40ውም ኢፍጣር ሳይደርስ አለቀ። እንደዚያ ፈጥኖ ተሸጦ አያውቅም።

በተምርና በውሃ አፍጥረን፣ መግሪብን ሰግደን ገባን። ቤቱ ጢም ብሏል። በረኛው ትንሽ ዘግይቶ መጣ። በሩ ላይ ሲታይ አንዱ «ኪሳም ጓንት!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ልጁ አልገባውም። ከጎኑ ያለው ሰው መጽሔቷን ሰጠው። በቴሌቪዥኑ ብርሃን ሲያነባት አየሁት። አጠፋት፤ ኪሱ ከተታት፤ ማንንም ሳያይ ወጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ገና አላለቀም ነበር።

ያን ቀን አርሰናል 2 ለ 0 ተሸነፈ። የመጀመሪያው ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ ሩኒ ወደቀ፣ ቫን ኒስተልሮይ መታ። እኛ «አልተነካም! አጭበርብሮ ነው! ግፍ ነው!» እያልን ጉሮሯችን እስኪደርቅ ጮህን። ዒሻእም ከጀማዓ አመለጠን። ስንወጣ ጓደኛዬ እያለቀሰ ነበር። «እንዲህ ያለ በደል አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ምሽት የተፈጸመው በደል የት እንደነበር ሁለታችንም አላየንም።

በማግሥቱ ሰኞ፣ አፍጥረን እንደተቀመጥን በሩ ተንኳኳ። የበረኛው እናት ናቸው። እማዬ «ኧረ ግቡ፣ ሾርባ ቅመሱ» አለቻቸው። አልተቀመጡም። ከነጠላቸው ጫፍ የተጠቀለለች ወረቀት ፈቱ። መጽሔቷ ናት።

«ከልጄ ኪስ ነው ያገኘኋት» አሉ። «ከትላንት ጀምሮ ሰው አላናገረም። ለሱሑርም አልተነሳ። ምን ይላል ወረቀቱ ብለው አይነግረኝም። ጎረቤት ብጠይቅ አንገቱን ይደፋል። አንተ ነህ የጻፍከው አሉኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። እስኪ አንብብልኝ።»

እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ሰው ፊት ቆሜ አንብቤያለሁ። እንደዚያ ቀን የከበደኝ የለም። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ጥቂት ቃል አንብቤ አንዱን መስመር ልዘለው ስል እማዬ ከጎኔ መጥታ ቆማ ኖሯል፤ «አንድም ፊደል እንዳትዘል» አለች። አነበብኩት። ቀልድ መስሎኝ የጻፍኩት ሁሉ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ በሳቸው ፊት፣ አንዱም ቀልድ አልነበረም። ሥዕሉን ራሳቸው አዩት። ለሥዕል ፊደል አያስፈልግም።

ዝም ብለው ቆዩና «ሁለት መቶ ብር?» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የቀኝ ሌባ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ያዙ። «ይቺ ጣቱ ከጨዋታው በፊት ሐሙስ ዕለት ጋራዥ ውስጥ ብረት ወድቆባት ተሰብራለች። ወጌሻ ጋ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አትሂድ ብዬ ለመንኩት። ‹ሌላ በረኛ የላቸውም፣ ለማንም እንዳትነግሪ› ብሎኝ ፈትቷት ሄደ። ብሩንም የሰጠው የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው። ሰውየው የዚያኛው ሰፈር ሰው ነው። የወር ደመወዙ ነው። ግማሹን ለኔ አምጥቶ ነው የሰጠኝ።»

አልተራገሙም። አልጮሁም። ቢራገሙ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቷን መልሰው ጠቀለሏትና «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቃለህ» ብለው ወጡ።

እማዬ ወደኔ ዞረች። ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «ስንት ነው ያባዛችሁት?» አለች። 40 አልኳት። «ሂድና 40ውንም አምጣ።»

ከተራዊሕ በኋላ እኔና ጓደኛዬ ቤት ለቤት ዞርን። ማን እንደገዛ እናውቃለን፤ የትንሽ መጽሔት ጉዱ ይሄ ነው፤ አንባቢው ጎረቤት ነው። በሩን እናንኳኳለን፤ «ትላንት የሸጥንልህን መልስልን፣ ብርህን እንሰጥሃለን፤ የጻፍነው ውሸት ነው» እንላለን። አንዳንዱ ሰጠን። አንዳንዱ «ምን ሆናችሁ፣ ቀልድ አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ዲሽ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጓደኛዬ በጥፍሩ ፋቀው። ሱቅ ውስጥ ስኳር ሊጠቀለልባት የተዘጋጀች አንድ አገኘን። በሦስት ምሽት የራሳችንን ጨምሮ 31 ሰበሰብን። ዘጠኙ ጠፉ። አንዱ ኮምቦልቻ ሄዷል ተባለ፤ አንዱ ከሚሴ። የቀሩት የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

በየቤቱ ስንዞር አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅን፤ ወሬውን ከማን ሰማኸው? አንዱ ከአንዱ፣ ያኛው ከሌላው እያለ በመጨረሻ ሁሉም ፀጉር ቤት ውስጥ ወደ ተቀመጠ አንድ ልጅ ደረሰ። እሱም ብር ሲሰጠው ማየቱን እንጂ ለምን እንደተሰጠው አያውቅም። እኔ «ሰዎች እንደሚሉት» ብዬ የጻፍኩት «ሰዎች» አንድ ልጅ ነበሩ።

ስምንተኛውን እትም በረመዷን መጨረሻ አወጣን። ፊት ገጹ ላይ ሄንሪ የለም። በጨርቅ የታሰረች አንዲት ጣት ናት ያለችው፤ ጓደኛዬ ሲስላት ሦስት ጊዜ ቀደዳት። ከሥሯ የጻፍነው አጭር ነው። ምን ብለን እንደነበር፣ እውነቱ ምን እንደሆነ፣ ልጁን ሳንጠይቅ መጻፋችንን፣ አፉ እንዲለን። መጨረሻ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለታችንንም ሙሉ ስም ከነአባታችን ጻፍን። 40 አባዛን። የውሸቱ ወረቀት በ1 ብር ከ50 ከኢፍጣር በፊት አልቆ ነበር፤ የእውነቱን በነጻ ስንሰጥ የሚወስድ ጠፋ። «ኳስ የለበትም እንዴ?» ይሉናል። ከጁምዓ በኋላ መስጂድ በር ላይ ቆመን በልመና ነው ያደልነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለበረኛው በእጁ ሰጠሁት። ቆሞ አነበበው። «አፉ ብያለሁ» አለ። ቀጥሎ ለጓደኛዬ «ሥዕሉን ጎበዝ ነህ» አለው። ሌላ አልተናገረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በር ላይ ቆሞ አያውቅም። በዓመቱ ወደ ጂዳ ሄደ። እኛም ሦስት እትም ካወጣን በኋላ ተውነው።

ብዙ ዓመት አለፈ። በ2008 ለንደን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለዒድ መጥቶ የአርሰናል ነገር እንደምወድ ስለሚያውቅ አንድ መጽሔት አመጣልኝ። «ዘ ጉነር» ይላል። ክለቡ የሚያወጣው አይደለም፤ ከ1987 እ.ኤ.አ ጀምሮ ደጋፊዎች ራሳቸው እየጻፉ፣ ራሳቸው እያሳተሙ፣ በጨዋታ ቀን ስታዲየም አካባቢ ቆመው በእጃቸው የሚሸጡት ነው። ደነገጥኩ። እኛ ደሴ ላይ የፈጠርነው የመሰለን ነገር በዓለም ላይ ስም ያለው ነገር ነው። «ፋንዚን» ይባላል፤ የአድናቂና የመጽሔት የእንግሊዝኛ ስሞች ተቆራኝተው የወጣ ቃል ነው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ዓለም ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ።

ነገሩ የተጀመረው በኳስ አይደለም። በ1926 እ.ኤ.አ አሜሪካ ውስጥ የሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የሚያትም መጽሔት ወጣ። መጽሔቱ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። በየከተማው ብቻቸውን የነበሩ ልጆች አድራሻ እያዩ እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ፤ በ1930 ደግሞ የራሳቸውን ወረቀት ማባዛት ያዙ። «ፋንዚን» የሚለው ቃል የወጣው በ1940 ነው። በስቴንስል ማባዣ ነበር የሚሠሩት፤ የኛ ትምህርት ቤቶች ፈተና ያባዙበት የነበረው ዓይነት ማሽን ነው። ከነዚያ ልጆች መሐል ሬይ ብራድበሪ የሚባል ገና 20 ዓመት ያልሞላው በ1939 የራሱን መጽሔት አውጥቶ አራት እትም ላይ አቆመ፤ ኋላ ትልቅ ደራሲ ሆነ። ሁለት የክሊቭላንድ ተማሪዎች ደግሞ በ1933 በራሳቸው ትንሽ መጽሔት ላይ «ሱፐርማን» የሚል ስም ያለው ክፉ ሰው ፈጠሩ። በኋላ ክፉውን ደግ አደረጉት፤ እሱ ነው ዛሬ ዓለም የሚያውቀው።

በእንግሊዝ ኳስ ደግሞ ነገሩ የጋለው ከ1985 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ብራድፎርድ ስታዲየም ውስጥ እሳት ተነስቶ 56 ሰው ሞተ፤ በዚያው ወር ብራሰልስ ሄይዝል ስታዲየም 39 ሰው ሞተ። የኳስ ደጋፊ ማለት ወሮበላ ማለት ነው ተባለ። መንግሥት ደጋፊው ሁሉ መታወቂያ ካርድ ሳይዝ ስታዲየም እንዳይገባ ሊያደርግ ተነሳ። ደጋፊዎች «ስለኛ ሌላ ሰው ከሚጽፍ ራሳችን እንጻፍ» ብለው መጽሔት ማባዛት ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። የካርዱን ሕግ አጥብቀው ተቃወሙት፤ ሕጉ ቢወጣም ካርዱ በመጨረሻ ሳይሠራበት ቀረ።

ይህን ሁሉ ሳነብ ደስ እያለኝ ነበር። ሂልስቦሮ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ሚያዝያ 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በአጥር መሐል ተጨፍልቀው ሞቱ። ሟቾቹ 97 ናቸው፤ የመጨረሻው ያረፈው ከ32 ዓመት በኋላ በ2021 ነው። በአራተኛው ቀን «ዘ ሰን» የተባለው ያኔ በሚሊዮን ይሸጥ የነበረ ጋዜጣ በፊት ገጹ ላይ እውነቱ ይህ ነው ብሎ አወጣ፤ ደጋፊዎቹ የሟቾችን ኪስ ዘርፈዋል፣ ፖሊሶች ላይ ሸንተዋል አለ። ውሸት ነበር። በልጆቻቸው ሞት የተሰበሩ እናቶች ያንን አነበቡ። ጋዜጣው ኋላ ይቅርታ ቢልም ሊቨርፑል አልተቀበለችውም፤ በፊት ገጹ ላይ ጥፋቱን ያመነው በ2012፣ ከ23 ዓመት በኋላ ነው። በ2016 ፍርድ ቤት የተቀመጡ ዳኛ ሰዎች ደጋፊዎቹ ጥፋት እንደሌለባቸው ወሰኑ። ዛሬም ሊቨርፑል ውስጥ ያንን ጋዜጣ የማይሸጥ ሱቅ ብዙ ነው።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የበረኛው እናት ነጠላ ጫፍ ነው። የነሱ ጋዜጣ በሚሊዮን ይሸጥ ነበር፤ የኛ 40 ነበር። ጥፋቱ ግን አንድ ነው፤ ሁለታችንም «ሰዎች እንደሚሉት» ብለን ጻፍን፣ ሁለታችንም የተነገረለትን ሰው አልጠየቅንም። ልዩነታችን አንድ ብቻ ነው። እኛ ትንሽ ስለነበርን እናቲቱ ደጃችንን ያውቁታል። በማግሥቱ መጥተው «አንብብልኝ» አሉኝ። የሊቨርፑል እናቶች ግን የማንን በር ያንኳኩ?

ባለፈው ዓመት የበረኛውን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩለት። አሁንም ጂዳ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ስለ ድሮው ላወራው ፈርቼ ስለ አየሩ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ልጆቹ ስጠይቅ ቆየሁ። ራሱ አነሳው። እናቱ አላህ ይዘንላቸውና ወደ አኼራ ሄደዋል። «ሳጥኗን ስንከፍት» አለኝ «ከመስገጃዋ ሥር ያቺ የጣቴ ሥዕል ያለባት ወረቀት አለች። ማንበብ አትችልም እኮ። እንግዳ ሲመጣ እያወጣች ‹እስኪ አንብቡልኝ› ትል ነበር አሉ ጎረቤቶች።»

ስልኩን እንደያዝኩ ምንም ማለት አቃተኝ። እኛ በልመና ያደልናት፣ ማንም የናቃት ወረቀት አንድ እውነተኛ አንባቢ ነበራት። ያቺም አንባቢ ፊደል አልቆጠረችም።

«ዘጠኙን ግን አላገኘናቸውም» አልኩት። ሳቀ። «አብሽር፣ አንዷ እዚህ ጂዳ ድረስ መጥታ ነበር» አለኝ። በመጣ በሦስተኛ ዓመቱ፣ አብሮት በሚያድር አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ሻንጣ ውስጥ አያት። ልጁ ለጓንቱ ሥዕል ብሎ ነው ያስቀመጣት፤ ሥዕሉ የማን እንደሆነ አያውቅም። በረኛችን ምንም ሳይለው መልሶ ሻንጣው ውስጥ አስቀመጣት። ቀልዶ ሲነግረኝ እሱ ነው የሚስቀው፤ እኔ አልሳቅኩም።

ወንድም እህቶቼ፣ ይህን የጻፍኩት እንዳትጽፉ አይደለም። ጻፉ። በሰፈራችሁ ልጆች ስለሚወዱት ነገር፣ ስለ ኳስ ይሁን ስለ ሥዕል፣ ስለ ነሺዳ ይሁን ስለ መጽሐፍ ሁለት ወረቀት አጥፋችሁ 8 ገጽ አውጡ። ስልክ የሌለው አያታችሁ እንኳ ሊይዘው የሚችል ነገር ይሁን። እኔ ጽሑፍ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ጓደኛዬ ዛሬ እንጀራው ሥዕል ነው፤ አልሐምዱሊላህ።

ግን ሦስት ነገር አደራ። የምትጽፉለት ሰው ቤቱ አምስት ደቂቃ ከሆነ ሄዳችሁ ጠይቁት፤ ሩቅ ከሆነም ደውሉለት። ስማችሁን ከሥሩ ጻፉ፤ ስሜን ብጽፍበት አፍራለሁ ያላችሁትን አታውጡት። ስትሳሳቱ ደግሞ እርማቱን የውሸቱ ቦታ ከነበረው ከፍ ባለ ቦታ አስቀምጡት፤ ቢቻል ፊት ገጽ ላይ።

ዛሬ በእጃችን ያለው ስልክ በአንድ ንክኪ 40 ሳይሆን 40 ሺህ ያባዛል። ያኔ እኔ ለሦስት ምሽት በእግሬ ዞሬ 31 ሰብስቤያለሁ። ዛሬ ማጥፊያውን ብትጫኑ ከናንተ ገጽ ላይ ብቻ ነው የሚጠፋው። የቀረው በማን ሻንጣ ውስጥ እንደሚያድር አታውቁም። ስለ አንድ ሰው «እንዲህ ሆነ አሉ» የሚል ነገር ልታጋሩ ጣታችሁ ስትዘረጋ፣ የዚያ ሰው እናት ነገ ደጃችሁ መጥታ «እስኪ አንብብልኝ» ብትላችሁ አንድም ፊደል ሳትዘሉ ማንበብ ትችሉ እንደሆነ አስቡ።

የምትችሉ ከሆነ አጋሩት። ካልሆነ እዚያው ይቅር።

አላህ እኔንም እናንተንም ከምላሳችንና ከጣታችን ክፋት ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።